ሙቀቱን የቻለ መርጃን ቆሻሻችንን ይችል ይሆን?



ከጥቂት ሳምንታት በፊት በመድረሳ ሱረቱ አር-ረሕማንን ሳስቀራ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ እጁን አወጣ። «ኡስታዝ፣ መርጃን ምንድን ነው?» አለኝ። ብዙም ሳላስብ «ከባሕር የሚወጣ ውድ ድንጋይ ነው» ብዬ መለስኩለትና ንባቡን ቀጠልን። ልጁ ግን አልረካም። «ኡስታዝ፣ አክስቴ ከጅዳ ያመጣችው መርጃን ቅርንጫፍ አለው። ድንጋይ ቅርንጫፍ ያወጣል እንዴ?» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልሰጠሁም።

ወደ ቤቴ ስመለስ በራሴ አፈርኩ። በሥራ ቀናት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። መርጃን ምን እንደሆነ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ባስተምርም መድረሳ ስገባ ያንን እውቀት በር ላይ ጥዬው የገባሁ ይመስላል። ስለዚህ የዚህን ወር ገጻችንን ለዚያ ልጅ ጥያቄ ላውለው ወሰንኩ። ጥያቄውን ተከትዬ ሳነብ ደግሞ ከስሙ ያለፈ ጉዳይ አገኘሁ። ደጃችን ላይ ባለው በቀይ ባሕር ውስጥ ዓለም እየተነጋገረበት ያለ ሀብት አለ። የዚህ ሀብት ዕጣ በአብዛኛው በሰው እጅ ላይ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፤ በጽሑፉ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድንጋይም፣ ዛፍም የሚመስል እንስሳ

የልጁ ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ታላላቅ ሊቃውንትም ለብዙ ዘመናት ተከራክረውበታል። ከፊሎቹ ድንጋይ ነው አሉ፤ ከፊሎቹ ቅርንጫፉን አይተው የባሕር ተክል ነው አሉ። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የማርሴይ ሐኪም የነበረው ፈረንሳዊው ዣን አንድሬ ፔሶኔል ሕያው መርጃንን በባሕር ውኃ ውስጥ አኑሮ ሲመለከተው፣ «አበባ» ይባል የነበረው ነገር ሲነካ የሚሰበሰብ፣ ሲተዉት የሚዘረጋ ትንሽ እንስሳ ሆኖ አገኘው። የዘመኑ ሊቃውንት ወዲያው ባይቀበሉትም እውነቱ ከእርሱ ጋር ነበር።

መርጃን፣ ወይም በፈረንጆቹ አጠራር ኮራል፣ እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባለው አንዱ እንስሳ ብዙ ጊዜ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፣ ለስላሳ ከረጢት የመሰለ ፍጥረት ነው። አፉ ላይኛው ጫፉ ላይ ነው፤ በአፉ ዙሪያም ምግብ የሚይዝባቸው ትናንሽ ክንዶች አሉት። ይህ ለስላሳ ፍጥረት ከባሕሩ ውኃ የሚሟሟ ካልሲየም እየወሰደ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ቤት ይሠራል። እርሱ ሲሞት ሌላው በላዩ ላይ ይገነባል። በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ሲያልፉ ይህ ቤት በቤት ላይ የተደራረበ ሥራ መርከብ የሚያስቆም ታላቅ የመርጃን አለት ይሆናል። እንግዲህ የልጁ አክስት ያመጣችው ቅርንጫፍ ነዋሪዎቹ የሞቱበት ባዶ ከተማ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። በጌጥነት አንገት ላይ የሚታሰረው ቀዩ ውድ መርጃን በተለይ ከሜዲትራኒያን ባሕር የሚወጣ ዓይነት ነው። በቀይ ባሕር ዳር አለት የሚሠራው ደግሞ የእርሱ ዘመድ ነው። ሁለቱም እንስሳት ናቸው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አለት ሠሪው ነው።

የአለት ሠሪው መርጃን ሌላው ድንቅ ነገር ብቻውን አለመኖሩ ነው። በሥጋው ውስጥ አልጌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠሩ ፍጥረታት ያኖራል። እነዚህ ተከራዮች የቤት ኪራያቸውን የሚከፍሉት በምግብ ነው። መርጃኑ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ከእነርሱ ያገኛል። እርሱም በበኩሉ መጠለያና ለምግብ ሥራቸው የሚያስፈልጋቸውን ንጥረ ነገር ይሰጣቸዋል። ውብ ቀለሙም በአብዛኛው የእነርሱ ነው። መርጃን ጥልቀት በሌለው፣ ጥርት ባለና ፀሐይ በሚያገኘው ውኃ የሚኖረው ለዚህ ነው። ውኃው ከደፈረሰ ተከራዩ ሥራ ይፈታል፤ አከራዩም ይራባል።

የመርጃን አለቶች ከዓለም የባሕር ወለል አንድ በመቶ እንኳ አይሸፍኑም። ነገር ግን በባሕር ከሚኖሩት የፍጥረት ዓይነቶች ሩብ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው በሆነ ወቅት በእነርሱ ይጠለላሉ። ዓሦች በጉድጓዶቻቸው ይራባሉ፤ ባሕር ዳር ያለው መንደር ከእነርሱ ይመገባል። ማዕበል ሲመጣም ኃይሉን የሚሰብረው ቀድሞ እነዚህን አለቶች ስለሚመታ ነው።

ዓሣ አስጋሪዎቹ ያስተማሩት ሳይንስ

ቀይ ባሕር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሶሐቦች ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ የተሻገሩት ይህንኑ ባሕር ነው። ወደ ሐጅ የሚሄዱ አባቶቻችንም አውሮፕላን ሳይመጣ በፊት በጀልባና በመርከብ አቋርጠውታል። በአፍ መፍቻነት ዓረብኛ የሚናገሩት አስጋሪዎቹ የእያንዳንዱን ዓሣ ስምና ጠባይ ያውቁ ነበር። ይህ እውቀታቸው ዛሬ በዓለም ሳይንስ መዝገብ ውስጥ እንደተጻፈ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የዴንማርክ ንጉሥ በ1761 ወደ ዓረቢያ አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ላከ። ከመካከላቸው ፒተር ፎርስኮል የሚባል የታላቁ የተፈጥሮ ሊቅ የካርል ሊኔየስ ተማሪ ነበር። ፎርስኮል ዓረብኛ ያውቅ ስለነበር በቀይ ባሕር ዳርቻ ለእያንዳንዱ ዓሣ አስጋሪዎቹ የሚሰጡትን ስም እየጠየቀ መዘገበ። በ1763 በየመን የሪም ከተማ በወባ ታሞ ሲሞት ገና የሰላሳ አንድ ዓመት ወጣት ነበር። ከቡድኑ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው። እርሱም የጓደኛውን ማስታወሻ ጠብቆ በ1775 አሳተመው።

ዛሬ በጃፓንም ሆነ በብራዚል ያለ ተመራማሪ እነዚህን ዓሦች የሚጠራው በፎርስኮል መዝገብ ስም ነው። ስሙ ግን የአስጋሪዎቹ ነው። አንዱ ሰማያዊና ቢጫ ዓሣ «አስፉር» ይባላል፤ በዓረብኛ ወፍ ማለት ነው። ጅራቱ ሥር እንደ ምላጭ የሰላ አጥንት ያለው «ሱሀል» ነው። ቀዩ ትልቅ ዓሣ «ቦሃር» ይባላል። አንድ ሙሉ የዓሦች ወገን ደግሞ «አቡ ደፍዱፍ» ተብሎ ቀርቷል። ስማቸው ያልተመዘገበው እነዚያ አስጋሪዎች ሳያውቁት የዓለም መምህራን ሆኑ።

ከእነዚህ ስሞች አንዱ «ሀሪድ» ነው። እንደ በቀቀን ምንቃር ያለ ጠንካራ አፍ ያለው ዓሣ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ጂዛን አጠገብ ባሉት የፈረሳን ደሴቶች በየዓመቱ በጸደይ ወራት ሀሪድ በብዛት ወደ ዳርቻ ሲመጣ ሕዝቡ እንደ በዓል ይሰበሰባል። የሀሪድ ወገን የሆኑ ዓሦች በመርጃን ላይ የሚበቅለውን አልጌ ይግጣሉ። ሲግጡም አለቱን አብረው ይፈጩታል፤ የፈጩት ከሆዳቸው ነጭ አሸዋ ሆኖ ይወጣል። ከልክ በላይ ከተጠመዱ ግን የሚግጥ ይጠፋል፤ አልጌው መርጃኑን ይሸፍናል። ማሳውን የሚያርም ሰው እንደሞተበት ገበሬ ማለት ነው። በቀይ ባሕር ከአንድ ሺህ በላይ የዓሣ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከሰባቱ አንዱ ያህል በዓለም ላይ ከዚህ አካባቢ ሌላ የትም አይገኝም።

የባሕር ትኩሳት

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። ጤነኛ ሰው የሰውነቱ ሙቀት ወደ 37 ዲግሪ ነው። 39 ሲደርስ አልጋ ይይዛል። ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው። መርጃንም እንዲሁ ነው። በአብዛኛው ዓለም የባሕሩ ውኃ መርጃኑ ከለመደው የበጋ ከፍተኛ ሙቀት በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ አልፎ ለሳምንታት ከቆየ መርጃኑ ይታመማል። በሙቀቱ የተነሣ ተከራዮቹ አልጌዎች የሚጎዳ ነገር ማመንጨት ይጀምራሉ፤ መርጃኑም ያስወጣቸዋል። ቀለሙ ይጠፋና ከሥሩ ያለው ነጭ የኖራ አጥንት ይታያል። ሊቃውንቱ ይህን «ንጣት» ይሉታል።

የነጣ መርጃን ገና አልሞተም፤ እየተራበ ነው። ውኃው ቶሎ ከቀዘቀዘ ተከራዮቹ ሊመለሱና ሊያገግም ይችላል። ሙቀቱ ከቀጠለ ግን በረሃብ ይሞታል።

ይህ ንጣት በዓለም ዙሪያ በአንድ ወቅት የደረሰው አራት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው በ1998፣ ሁለተኛው በ2010፣ ሦስተኛው ከ2014 እስከ 2017 ነበር። አራተኛው በ2023 መጀመሩን የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2024 አስታወቀ። በ2025 በወጣው መረጃ መሠረት ከዓለም የመርጃን አካባቢዎች 84 በመቶው ለንጣት የሚያበቃ ሙቀት ደርሶባቸዋል። በትልቅነቱ ተወዳዳሪ የሌለው የአውስትራሊያው ታላቁ የመርጃን አለት ከ2016 እስከ 2024 ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ብቻ አምስት ጊዜ ነጥቷል። ለማገገም ዓመታት የሚፈልግ በሽተኛ ሳይድን እንደገና ይታመማል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ስናቃጥል የሚወጣው ጋዝ ምድርን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናታል። በዚህ ሳቢያ ከሚጠራቀመው ተጨማሪ ሙቀት ከመቶ ዘጠና የሚሆነውን የሚውጠው ባሕር ነው።

የባብ አል-መንደብ ፈተና

በዚህ ሁሉ መካከል ተመራማሪዎችን ያስደነቀ ነገር የተገኘው በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በዓቀባ ባሕረ ሰላጤ ነው። በዚያ የሚኖሩ መርጃኖች በበጋ የለመዱት ሙቀት ወደ 27 ዲግሪ ነው። በቤተ ሙከራ ገንዳ ውስጥ ከዚህ በአምስትና በስድስት ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ውኃ ሲቀመጡ ሳይነጡ ቆዩ። በ2017 በታተመ ጥናት ደግሞ አንድ የዓቀባ መርጃን ለስድስት ሳምንታት በሞቀና አሲድነቱ በጨመረ ውኃ ውስጥ ቆይቶ አልነጣም። እንዲያውም ተከራዮቹ አልጌዎች የሚሠሩት ምግብ ጨመረ። ሌላው ዓለም በሁለት ዲግሪ ሲወድቅ ይህ በስድስት ዲግሪ ቆመ። ሱብሐነላህ!

ለምን? በ2013 ማዖዝ ፋይንና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ማብራሪያ የባሕሩን ታሪክ መለስ ብለን እንድናይ ያደርገናል።

ቀይ ባሕር ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ በሁለቱም በኩል በረሃ የከበበው ጠባብ ባሕር ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስበት አንድም ወንዝ የለም። በየዓመቱ ከላዩ ሁለት ሜትር የሚያህል ውኃ በፀሐይ ይተንናል። የጎደለው የሚተካው በደቡብ ባለው በር በባብ አል-መንደብ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል በሚገባው ውኃ ነው። የበሩ ስፋት ሰላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ወደ ውስጥ ጥቂት አልፎ የባሕሩ ወለል ከፍ ብሎ እንደ ደፍ ይቆማል። በዚያ ደፍ ላይ የውኃው ጥልቀት ከ140 ሜትር አይበልጥም።

ከሃያ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በበረዶው ዘመን የዓለም ውኃ በበረዶ ተይዞ ስለነበር ውቅያኖሶች ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ነበር። በዚያ ጊዜ የቀይ ባሕር በር ሊዘጋ ጥቂት ቀረው። የሚገባው ውኃ አነሰ፤ ትነቱ ግን አላቆመም። ባሕሩ መርጃን ሊኖርበት እስከማይችል ድረስ ጨው ሆነ። በረዶው ቀልጦ በሩ ሲሰፋ የመርጃን እጮች በውኃ እየተንሳፈፉ ከደቡብ እንደገና ገቡ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከበሩ በኋላ ያለው ደቡባዊው ቀይ ባሕር በበጋ እስከ 32 ዲግሪ ይሞቃል። ያንን ሙቀት ያልቻለ ዝርያ መንገድ ላይ ቀረ። የቻለው ብቻ አልፎ ትውልድ በትውልድ እየተተካ ወደ ሰሜን ተስፋፋ። እንደ ሚኒስትሪ ፈተና አስቡት፤ ወደሚቀጥለው ክፍል የደረሰው ፈተናውን ያለፈ ብቻ ነው። እነዚያ መርጃኖች ቀዝቀዝ ባለው ሰሜን ደርሰው ሲሰፍሩ በደቡብ ያለፉትን ፈተና መቋቋሚያ ይዘው ቀሩ። 27 ዲግሪ በሚደርስ ውኃ እየኖሩ 32 ዲግሪን የሚያውቁ ሆኑ።

ይህ ማለት መላው ቀይ ባሕር ከንጣት ነጻ ነው ማለት አይደለም። በመካከለኛው ቀይ ባሕር ከጅዳ በስተሰሜን ባለችው ቱወል አካባቢ በ2010 እና በ2015 ንጣት ታይቷል። የደቡቦቹና የመካከለኞቹ መርጃኖች አስቀድመው በችሎታቸው ጠርዝ ላይ ይኖራሉ። የሰሜኖቹ ግን ገና የሚንቀሳቀሱበት ቦታ አላቸው። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት በዚህ መቶ ዓመት መጨረሻ ዓለም መርጃኗን ብታጣ እንኳ ከመጨረሻዎቹ መጠጊያዎች አንዱ ሰሜናዊው ቀይ ባሕር ሊሆን ይችላል ይላሉ።

ሙቀቱን ቢችሉም…

ልብ በሉ! ሙቀትን መቻል ሁሉን መቻል አይደለም። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ይህንኑ ሙቀት ቻይ የዓቀባ መርጃን ወስዶ በውኃው ላይ እንደ ፍሳሽ ቆሻሻና እንደ ማዳበሪያ ያለ ንጥረ ነገር ጨመረበት። ያ ጠንካራ መርጃን ተዳከመ፤ ሙቀቱን የመቋቋም አቅሙም ቀነሰ። ሺህ ዓመታት የሰጡትን አቅም አንድ የፍሳሽ ቱቦ ሊወስደው ይችላል ማለት ነው።

የምድር መሞቅ በአንድ መንደር ወይም በአንድ አገር ውሳኔ የሚቆም አይደለም። ፍሳሽ፣ መልሕቅ፣ ከልክ ያለፈ ዓሣ ማስገርና የዘይት መፍሰስ ግን ሰው ዛሬ ከወሰነ ዛሬ የሚቀንሱ ናቸው። ይህን የሚያስረዳ ከሁሉ የሚበልጥ ምሳሌ ከየመን ዳርቻ ይገኛል።

«ሳፈር» የምትባል በ1976 ጃፓን ውስጥ የተሠራች ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ነበረች። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሁዴይዳ በስተሰሜን በራስ ዒሳ አጠገብ ባሕር ላይ ቆማ የነዳጅ ማከማቻ ሆና ታገለግል ነበር። በ2015 የየመን ጦርነት ሲበረታ ጥገናዋ ተቋረጠ። ሆዷ ውስጥ ግን 1.14 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ዘይት ነበር። በ1989 በአላስካ ባሕር «ኤክሰን ቫልዴዝ» ከምትባለው መርከብ ከፈሰሰው አራት እጥፍ ነው። በሜይ 2020 አንድ ቱቦ ፈንድቶ የባሕር ውኃ ወደ ሞተር ክፍሏ ገባ፤ ጠላቂዎች ለጊዜው ደፈኑት። ብረቷ በጨው እየተበላ ሳለ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደገመተው ዘይቱ ቢፈስ ለጽዳቱ ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልግ ነበር። በየመን ዳርቻ ሁለት መቶ ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ከዓሣ የሚያገኙት እንጀራ ወዲያው ይቋረጥ ነበር። ዘይቱም እንደ ነፋሱ አቅጣጫ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኤርትራና ወደ ጅቡቲ ዳርቻ ሊደርስ ይችል ነበር።

በመጨረሻ መንግሥታት፣ ኩባንያዎችና ተራ ሰዎች ሳይቀሩ ገንዘብ አዋጡ፤ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ። ድርጅቱ ሌላ መርከብ ገዝቶ «የመን» ተብላ ተሰየመች። ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 11 ቀን 2023 ባሉት 18 ቀናት ውስጥ ዘይቱ ከአሮጌዋ ወደ አዲሲቷ መርከብ ተገለበጠ። አንድ ትልቅ ጥፋት ሳይደርስ ቀረ። ስለ መልካም ዜና ብዙም አይጮህም፤ ስለዚህ ይህን ያልሰማ ብዙ ሰው አለ።

ዓመት ሳይሞላ ግን ባሕሩ እንደገና ተፈተነ። በፌብሩዋሪ 2024 «ሩቢማር» የተባለች የጭነት መርከብ በሚሳኤል ተመትታ በማርች 2 ሰመጠች። ሃያ አንድ ሺህ ቶን ያህል ማዳበሪያ ጭና ነበር። ለገበሬው ማሳ በረከት የሆነው ማዳበሪያ ባሕር ሲገባ አልጌ ያለ ልክ እንዲበዛ ያደርጋል፤ ብርሃኑን ይጋርዳል፤ መርጃኑን ያዳክማል። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር 150 ሺህ ቶን ድፍድፍ ዘይት የጫነችው «ሱንየን» ተመትታ በእሳት ተያያዘች። በሴፕቴምበር ተጎትታ ከአደጋው ስፍራ ወጣች፤ ዘይቱም ባሕሩን ሳያለብስ ቀረ።

ለአገራችን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከ1993 ወዲህ የባሕር ዳርቻ የለንም። ነገር ግን ከውጭ የምናስገባው ዕቃ አብዛኛው፣ ማዳበሪያችንም ጭምር፣ የሚመጣው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው። ባሕሩን የሚያቆሽሹት የእኛንም ዕቃ የሚያመላልሱ መርከቦች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ዳርቻ ባይኖረንም ድርሻ አለን።

የተደረገና ልናደርገው የምንችል

ተስፋ የሚሰጡ ሥራዎች አሉ። ግብፅ በሲና ጫፍ ያለውን ራስ ሙሐመድን በ1983 የመጀመሪያዋ ብሔራዊ ፓርክ አድርጋ ከለለች። በገርደቃ የጠላቂዎች ጀልባዎች መልሕቃቸውን መርጃን ላይ እየጣሉ ይሰብሩት ነበር። በ1992 የተቋቋመ የአካባቢው ሰዎች ማኅበር በየአለቱ አጠገብ ቋሚ ማሰሪያና ተንሳፋፊ ምልክት ተከለ። ጀልባው መልሕቅ መጣል ቀርቶ ገመዱን እዚያ ያስራል። ሥራው ቀላል ነው፤ ስብራቱን ግን ያስቀራል። የሱዳኖቹ ሰንጋነብና ዱንጎናብ በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። በ1982 የባሕሩ አዋሳኝ አገሮች በጅዳ ተሰብስበው ባሕሩን በጋራ ለመጠበቅ ስምምነት ፈርመዋል። በ2009 የተከፈተው የቱወል ዩኒቨርሲቲም የቀይ ባሕርን መርጃን ከሚያጠኑት ዋና ተቋማት አንዱ ሆኗል። በ2020 ደግሞ የተለያዩ አገሮች ሊቃውንት የቀይ ባሕር መርጃን አለት በሙሉ በዓለም ቅርስነት እንዲመዘገብ ጠይቀዋል። ባሕሩ ድንበር አያውቅምና የአንዱ አገር ጥበቃ ብቻውን አይበቃም።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎች፣ ወይም የብዙዎቻችሁ እኅትና ወንድም፣ በጅዳ፣ በየንቡዕ ወይም በጅቡቲ ይኖራሉ። የዕረፍት ቀን ወደ ባሕር ስትወርዱ እነዚህን አስታውሱ። መርጃን ላይ አትቁሙ፤ ከድንጋይ የማይለይ ቢመስልም በጫማችሁ ሥር ያለው ሕያው ነው። አንዳንዱ ዓይነት በዓመት የሚያድገው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስለሆነ አንድ እርግጫ የዓመታትን ሥራ ያጠፋል። ለስጦታ ብላችሁ ቅርንጫፍ አትስበሩ፤ ከሱቅም አትግዙ። ገዢ ካለ ሰባሪ አይጠፋም። የምሳችሁን ፌስታልና የውኃ ላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ። በዓሣ ማጥመጃ ክር የተጠላለፈ መርጃን ካያችሁ ራሳችሁ አትጎትቱት፤ ለአካባቢው ጠባቂዎች ተናገሩ።

አገር ቤት ያላችሁ ወላጆችና መምህራን ደግሞ ልጆቻችሁ ሲጠይቁ እንደ እኔ አትቸኩሉ። መልሱን ካላወቃችሁ «እስቲ አብረን እንፈልገው» በሉ። በመድረሳ የተማሩትንና በትምህርት ቤት የተማሩትን ሁለት ቤት አድርገው እንዳይለያዩት እርዷቸው። እኔ ለይቼው በአንድ የአሥር ዓመት ልጅ ፊት አፍሬያለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደዚያው ክፍል ተመልሼ ልጁን ወደ ፊት ጠራሁት። «ባለፈው ሳምንት ተሳስቻለሁ» አልኩት በጓደኞቹ ፊት። «መርጃን እንስሳ ነው። ቤቱ ድንጋይ ነው። ቅርንጫፉም የቤቱ ቅርጽ ነው።» ትንሽ አሰበና «እንግዲያው አክስቴ ያመጣችው የሞተ ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«ሁለተኛ እንዳታመጣ እነግራታለሁ» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ኢንሻአላህ፣ ደኅና ሁኑ። ወሰላሙ ዐለይኩም።